የሱሉልታን ቀዳዳ የደፈነው ሰው

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያሉ ጓደኞቼ «አዲስ አበባ ሄደሽ ምን አየሽ?» እያሉ ስላደከሙኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል። አዲስ አበባ አልሄድኩም። በሯን ሳላንኳኳ አጥር አጥሯን ታክኬ ነው የዞርኳት። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው እነዚህን ስሞች በዜና ሲጠሩ ይሰማል፤ ከዚያ በላይ የሚያገናኘው ነገር የለም። እኔ ግን ነበረኝ። እግሬ ሳይረግጣቸው ማኅተሜ ቀድሞኝ ደርሶባቸዋል።

ሥራዬን ለማታውቁ፦ ሕንፃ አልቆ፣ ቀለሙ ደርቆ፣ ሪባን ሊቆረጥ ሲል አንድ ሰው ገብቶ «የተባለው ሁሉ በእውነት ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ሰው ከገባበት በኋላም ተመልሶ ማየት አለበት። ውሃው ይሞቃል? መብራቱ ሰው ሲወጣ ይጠፋል? አየሩ ይለወጣል? በሙያው ኮሚሽኒንግ ይባላል። እናቴ «ሰው ቤት ገብቶ ነገር መፈለግ» ትለዋለች፤ የእሷ ይሻላል። ፍተሻውን ያለፈ ሕንፃ ውሃና መብራት እንደማያባክን፣ ሰውም እንደማያፍን የሚመሰክርለት የአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀት ያገኛል። እኔ ያንን ወረቀት ለሚፈልጉ ሰዎች ነው የማማክረው።

አንድ በጎ አድራጎት ማኅበር በአበባ እርሻና በፋብሪካ ለሚሠሩ እናቶች ልጆች ሦስት የሕፃናት ማቆያ ሠራ። ከተማው ሦስት፣ ንድፉ አንድ። ያንን ንድፍ ከሁለት ዓመት በፊት ድሬ ቢሮዬ ውስጥ፣ ቬንትሌተር ስር ተቀምጬ የመረመርኩትና ማኅተሜን ያሳረፍኩበት እኔ ነኝ። ኮርቼበትም ነበር። አራተኛው ተፍኪ ላይ ሊሠራ ታስቧል፤ የእሱንም ንድፍ እኔ እመረምራለሁ ብዬ በልቤ ይዤዋለሁ።

ልነሳ ሁለት ቀን ሲቀረኝ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሰለሞን ደወሉ። ምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ለሦስቱ በአንድ ላይ ነው፤ ሱሉልታ ግን በአየሩ ፍተሻ እየወደቀች ነው።

«የአየር መግቢያ ቀዳዳዎቹን የሚደፍን ሰው አለ» አሉኝ። «የታፈነ አየር ልጆቹን እየጎዳብን ነው። ማን እንደሆነ አጣሪና ስሙን በሪፖርትሽ ጻፊልኝ። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ግቢያችን ውስጥ አይሠራም።»

«ችግር የለም» አልኩ። እንዲህ ስል ትንሽ እንኳ አልከበደኝም። በእኔ ንድፍ ላይ ጨርቅ የሚወትፍ ሰው ቢባረር ምን አገባኝ?

እሁድ በባቡር ተነሳሁ። የድሮው ጣቢያ ደጃፍ ላይ ተጫውተን ያደግን ሰዎች አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጥቶ መሠራቱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልንም፤ ባቡሩ ለመድረስ ራሱ ሌላ ጉዞ ነው። የአየር መለኪያ ሣጥኔን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እናቴ የጠቀለለችልኝን ሳምቡሳ ከአጠገቤ ከተቀመጡት ሰዎች ጋር ተካፍዬ፣ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ስንወጣ ዋልን። አዲስ አበባ ጫፍ ላይ ያለው ለቡ ጣቢያ ስወርድ አየሩ ከድሬ አየር ጋር ዝምድና አልነበረውም።

ወደ ዓለም ገና የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። አሥራ ምናምን ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ብሏል። እኔም እንደ አገሬ ልማድ መስኮቴን ከፈትኩ።

«እህት፣ ንፋስ!» አለ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ።

«አዎ፣ ደስ ይላል» አልኩት።

ሚኒባሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት እናት የልጇን ራስ በነጠላዋ ሸፈነች። ሰውየው በትከሻዬ ላይ እጁን አሳልፎ፣ በትህትና፣ «ይቅርታ» ብሎ መስኮቴን ዘጋው። ድሬ ውስጥ የታክሲ መስኮት የሚዘጋው ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ነው። እዚህ ጎርፍ ይሻላል መሰለኝ፤ ንፋስ ከመታህ አንገትህ ይያዛል፣ ጎንህን ይወጋሃል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን በሽታ ሁሉ እሱ ነው ያመጣው።

ዓለም ገና ላይ ጫልቱ ባጃጅ ይዛ ጠበቀችኝ። የሰበታው ማቆያ ኃላፊ ናት፤ ሁለት ዓመት በስልክ ስንነታረክ ኖረን ፊት ለፊት ስንተያይ ያ የመጀመሪያችን ነበር። እኔ ለእሷ ረዥም መስዬያት ነበር፣ እኔም እሷን ቀጭን አድርጌ ነበር የሣልኳት፤ ሁለታችንም ተሳስተን ተቃቀፍን። አልጋዋን ለቀቀችልኝ። እንቢ ብል «ሶፋው ላይ እኔም በደንብ ነው የምተኛው» ብላ ዝም አሰኘችኝ። መስኮቱን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ በመጨረሻም አሮጌ ፎጣ ጠቅልላ የበሩ ሥር ላይ ወተፈች። ሦስት ብርድ ልብስ ደርባልኝ ወጣች። አቦ፣ ከነነፍሴ የተቀበርኩ ነበር የመሰለኝ፤ ግን እንቅልፌን ለጥጬ ነው ያደርኩት።

ሰኞ ጠዋት ቅቤ የጠገበ ጨጨብሳ አብልታኝ ወደ ሥራ ሄድን። በመንገድ ላይ ያገኘችውን ሽማግሌ ሁሉ ቆማ «አካም ቡልተን?» እያለች እንዴት እንዳደሩ ትጠይቃለች፤ እነሱም ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ እናቷ ይጠይቃሉ፤ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መቼ እንደተሻገሩ ሳይታወቅ። ድሬ ላይ «ሰላም ነው?» ብለህ መልሱን ሳትሰማ ነው የምታልፈው። ሰበታ ላይ ከቤት እስከ ማቆያው አሥር ደቂቃ የሚወስደው መንገድ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን።

ሰበታ ጥሩ ነች። ፀሐይ አላት። ውሃው ይሞቃል፣ አየሩ ይለወጣል፣ መለኪያዬ ድምፁን ሳያሰማ ዋለ። አንድ ነገር ብቻ አገኘሁ፤ ሕፃናቱ የሚተኙበት ክፍል ጣሪያ ላይ ያለው፣ ሰው ሲንቀሳቀስ መብራት የሚያበራው ሴንሰር በቁስል ፕላስተር ተሸፍኗል።

«ጫልቱ፣ ይሄ ምንድነው?»

ቀላች። «አንድ ልጅ በተገላበጠ ቁጥር መብራቱ ቦግ ይላል፣ ሁሉም ይነሳሉ። ምን ላድርግ? ላንቺ እንዳልደውል የመብራት ነገር በስልክ ማስረዳት አልችልበትም።»

ሳቅሁ። መሰላል አስመጥቼ ሴንሰሩን ወደ በሩ አዞርኩትና ፕላስተሩን ላጥኩ። ማስታወሻዬ ላይ «ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ፤ የማንንም ስም አልጻፍኩም። ምሳ ላይ ጫልቱ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«የሱሉልታውንስ? ስሙን ልትሰጪያቸው ነው?»

«ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«ልትሰጪያቸው ነው ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ሥራዬ ነው፤ እነግራቸዋለሁ ብያለሁ። ያንቺ መብራት ነው፣ የሱ ግን የልጆች ሳንባ ነው።»

«እሺ» አለችና የተቆራረሰ ዳቦ ወደኔ ገፋች። «ሂጂና እዪው። እኔ የሰው እንጀራ ላይ አልቆምም።» ከዚያ በኋላ ስለ ሱሉልታ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔም በልቤ ትንሽ ተቀየምኳት፤ ሕግ አስከባሪ ሆኜ የመጣሁ ሰው ነኛ።

ማክሰኞ ወደ ቡራዩ። ከአየር ጤና የያዝኩት ሚኒባስ አስኮ ሳይደርስ የመለኪያ ሣጥኔ መጮህ ጀመረ። ማጥፋት ረስቼ ነው። ይህ መለኪያ ሰው የተነፈሰው አየር ሲጠራቀም ያስጠነቅቃል፤ በተዘጋ መስኮት ውስጥ የታጨቅን ሰዎች መሆናችን ገብቶታል። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ሰው ሁሉ ሣጥኑን፣ ከዚያ እኔን አየ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ።

«እህት፣ ምንድነው የያዝሽው?» አለ ወያላው፤ በሩን ከፍቶ ለመዝለል እየተዘጋጀ።

«ምንም አይደለም! አየሩን ነው የሚለካው። አየሩ ተበላሽቷል እያለ ነው። መስኮት ብንከፍት ዝም ይላል።»

ረዥም ዝምታ ሆነ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ፍርድ ሰጡ። «ልጄ፣ ይጩህ ተይው።» እየጮኸ ቡራዩ ገባን።

ቡራዩ ማቆያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ጣሪያው ላይ ያለው በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ ውሃውን እሳት አስመስሎታል፤ የሕፃናቱ መታጠቢያ ቧንቧ ግን በረዶ ነው። ታዲያ ሙቁ ውሃ የት ይሄዳል? ቤቱን ሁሉ ዞሬ ሽንት ቤት ገባሁ፣ ውሃውን ለቀቅኩ፣ እንፋሎት ወጣ። ሁለቱን ቧንቧ አቀያይረው ነው የገጠሙት። የጽዳት ሠራተኛዋ «እኔማ አገሩ ብርድ ስለሆነ ታስቦበት ነው ብዬ አመስግኜ ነበር» አለችኝ።

ከማቆያው ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሙደሲር የቧንቧ ሠራተኛ ፈልገው አመጡልኝ፤ መሰላል ከሱቃቸው ጓዳ አወጡ፤ ሥራው እስኪያልቅ የሱቃቸውን ወንበር ለቀውልኝ እሳቸው የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ከሥልጤ የመጡት በወጣትነታቸው እንደሆነ፣ ድሬም አንድ ጊዜ ዕቃ ሊያመጡ ሄደው ሙቀቱ ለሦስት ቀን ራሳቸውን እንዳዞራቸው ነገሩኝ። ባለቤታቸው ሩዝ በሥጋ ላኩ። ነገ ሱሉልታ እንደምሄድ ስነግራቸው ሹራቤን በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው መዘኑት።

«በዚህች?»

«ወፍራም ናት እኮ፣ ሐጂ።»

«ለድሬ ነው ወፍራም የምትሆነው» አሉና ከቤት ጋቢ አስመጥተው ሰጡኝ። መቼ እንደምመልሰው እንኳ አልጠየቁም። ያደርኩበት ፔንሲዮን ሻወር ቀዝቃዛ ነበር፤ ጋቢው ግን እንደ ሰው እቅፍ አድርጎኝ አደረ።

ረቡዕ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ፣ ተራራውን በባሕር ዛፍ መሐል ተሻግረን ሱሉልታ ወረድን። ሜዳው ሰፊ ነው፤ የድርቆሽ ክምር በየቦታው ቆሟል፤ ንፋሱም ምንም የሚያግደው ነገር ሳያገኝ ከሜዳው ጫፍ እስከ አጥንቴ ይደርሳል። ጋቢውን ተከናንቤ ወረድኩ።

የማቆያው ዘበኛና ጠጋኝ ኦቦ ቶሎሳ በሩን ከፈቱልኝ። ረዥም፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፤ «ኦቦ» በኦሮምኛ «አቶ» ነው፣ «አዴ» ደግሞ «ወይዘሮ»። እንግዲህ ድሬ ላይ ሰውን አንቱ ካልከው «ምን አስቀየምኩህ?» ይልሃል፤ እኔም አፌ እንደለመደው «ኦቦ ቶሎሳ አንተ ነህ?» አልኳቸው። ለሕፃናቱ ምግብ የሚሠሩት ባለቤታቸው አዴ በቀሉ ከኩሽና ብቅ ብለው፣ ለመታረም የቀረችኝ ዕድል ይቺው እንደሆነች በሚናገር ዓይን አዩኝ። ኦቦ ቶሎሳ ግን ሳቁ። «የድሬ ልጅ ናት፤ ጫልቱ ነግራኛለች» አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንቱ ማለት ተማርኩ፤ ይኸው ስጽፍም እየቀጠልኩበት ነው።

ጊዜ ማባከን አልፈለግኩም። ሕፃናቱ ወደሚተኙበት ክፍል ገባሁ። ከመስኮቶቹ ሥር፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የአየር መግቢያ ቀዳዳዎቹ ተደርድረዋል። ሁሉም ተደፍነዋል። ጎንበስ ብዬ አንዱን አየሁት። ጨርቅ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ድርቆሽ በልኩ ተቆርጦ፣ በንጹሕ ማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ፣ መሳቢያ የገመድ ማንጠልጠያ ተበጅቶለት፣ ቀዳዳው ውስጥ እንደ ቡሽ ገጥሟል። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ ያለው ጥፋት አይቼ አላውቅም።

«ይሄን ማን ነው የሠራው?» አልኩ ድምፄን አጠንክሬ።

«እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ ከኋላዬ። «ከብት ቤት የምንደፍነውም እንዲሁ ነው። ድርቆሽ ብርድ ይይዛል።»

አምስት ቀን በአእምሮዬ ሳሳድደው የከረምኩት ወንጀለኛ ይኼው ነው። ደብተሬን ይዤ ቆሜ ነበር፣ ስማቸውን ለመጻፍ የቀረኝ እስክሪብቶ ማንሳት ነበር። ባለማንሳቴ ዛሬም ድረስ ደስ ይለኛል።

«ሲተኙ አስገባዋለሁ፣ ሲነሱ አወጣዋለሁ» ብለው ቀጠሉ። «ደብቄ አይደለም። የጠየቀኝ ሰው የለም እንጂ ብጠየቅ እናገራለሁ።»

መለኪያውን አውጥቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። ሕፃናቱ ምሳቸውን በልተው ፍራሽ ፍራሻቸው ላይ ተኙ። ብዙም ሳይቆይ መጮህ ጀመረ። ኦቦ ቶሎሳን ጎትቼ ወደ ውጭ አወጣኋቸውና አስረዳኋቸው፤ ልጆቹ የተነፈሱትን አየር መልሰው እየተነፈሱት እንደሆነ፣ ራስ እንደሚያም፣ እንደሚያደክም፣ አንዱ ጉንፋን ሲይዘው ለሁሉም እንደሚተርፍ። እንደ አስተማሪ ጣቴን እያወዛወዝኩ ነበር። አንዴም ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«እውነትሽን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሲነሱ ይነጫነጫሉ። እንቅልፍ ያልጠገቡ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አየር ነው።» ትንሽ አሰቡ። «በይ አሁን ደግሞ አንቺ ተኚ።»

«እ?»

«እኔ ያንቺን ሣጥን ሰማሁ። አንቺም የኔን ስሚ።»

ጥግ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ያለውን አንድ ባዶ ፍራሽ አሳዩኝ። የትልቅ ሰው ነገር ትቼ፣ እግሬን አጥፌ፣ በሕፃናት መሐል ተጋደምኩ። ኦቦ ቶሎሳ ጎንበስ ብለው የድርቆሹን ከረጢት በማንጠልጠያው ሳቡት። የሱሉልታ ንፋስ በቀጥታ ማጅራቴ ላይ ወደቀ። እንደ ውሃ ነው የሚፈስሰው፤ ወለል ወለሉን ይዞ ከአንገቴ ወደ ትከሻዬ፣ ከትከሻዬ ወደ ወገቤ ወረደ። ጋቢውን አጠበቅኩት። አጠገቤ የተኛች የሁለት ዓመት ልጅ በእንቅልፍ ልቧ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሳበች፣ ተንከባልላ መጥታ ጀርባዋን ሆዴ ላይ ለጠፈች። እግሯን ነካሁት። ቀዝቅዟል።

እዚያ ተኝቼ ነው የገባኝ። ድሬ ላይ የአየር መግቢያን ዝቅ አድርገን እንሠራለን፤ ቀዝቃዛው በሥር ገብቶ ሙቁን በላይ እንዲያስወጣው። ንድፉን ስመረምር ልክ ነው ብሎ ያሳለፈው የድሬ ገላዬ ነው። ሕፃናቱ በምን ላይ እንደሚተኙ አልጠየቅኩም። አልጋ ላይ መስሎኝ ነበር፤ ወለል ላይ ነው። ሰበታ ፀሐይ አላት፣ ቡራዩም ማቆያው ኮረብታ ተከልሎ ነው ያለው። ሱሉልታ ላይ ግን እኔ ነኝ በእነዚህ ልጆች ማጅራት ላይ አሥራ ሁለት ቀዳዳ የከፈትኩት። አፈርኩ። ልጅቷን እስክትነሳ ድረስ በጋቢዬ ሸፍኜ ቆየሁ።

የዚያን ዕለት እነሱው ቤት አደርኩ። ረቡዕ የጾም ቀን በመሆኑ አዴ በቀሉ የወተት አገር መጥቼ ወተት ሳልቀምስ ማደሬ እንግዳ ያዋረዱ ያህል ከነከናቸው። ሽሮና ጎመን እያቀረቡ «ነገ፣ ነገ» ይላሉ። እኔም ድሬ ላይ ጾሙን እንደነገሩ እንደምይዘው ለመናገር አልደፈርኩም።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ አንድ ትልቅ ኩባያ ወተት ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። እሱን ጠጥቼ ከኦቦ ቶሎሳ ጋር ሥራ ገባን። እኔ ወረቀት ላይ ሣልኩ፣ እሳቸው ሥዕሉን አይተው «ይሄ አይቆምም» ብለው በራሳቸው አደረጉት። የውሃ ማሞቂያው የመጣበትን የእንጨት ሣጥን ፈትተው ከቀዳዳው ፊት ወደ ላይ ያዘነበለ ጣውላ መቱ፤ የገባው አየር ወለሉን ትቶ ሽቅብ ወጥቶ፣ ከክፍሉ ሙቀት ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚወርደው። አንድ ጣውላ፣ ሁለት፣ እስከ ምሳ ሰዓት ስድስቱ ተመቱ፤ የቀሩትን ስድስት ለጊዜው ደፍነን ተውናቸው። ሕፃናቱ ተኙ። መለኪያውን አስቀመጥኩ። አንዴ እንኳ አልጮኸም። ኦቦ ቶሎሳ ከፍራሽ ፍራሽ እየሄዱ የእያንዳንዱን ልጅ እግር በእጃቸው ጨበጡ፤ የእሳቸው መለኪያ እሱ ነው። «ሞቋል» አሉኝ በሹክሹክታ፣ ጥርሳቸው ሁሉ እየታየ።

የቀረው ሪፖርቱ ነው። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩና ለኦቦ ቶሎሳ አነበብኩላቸው። «የጉድለቱ ምክንያት፦ የአየር መግቢያዎቹ ለሱሉልታ ብርድ በማይሆን ከፍታ ላይ እንዲሠሩ መፈቀዱ። ስህተቱ ንድፉን ቦታውን ሳላይ የመረመርኩት የእኔ፣ የሮማን ነው።»

«ቀጥዪ» አሉ።

«አለቀ።»

«የት አለቀ? የደፈነው ሰውስ?»

«ኦቦ፣ ስምዎን ከጻፍኩ አቶ ሰለሞን ያባርሩዎታል። አስቀድመው ነግረውኛል።»

አዴ በቀሉ ከወዲያ ሥራቸውን አቁመው ያዩናል። ኦቦ ቶሎሳ ካፖርታቸውን አስተካከሉ።

«እንጀራዬ እዚህ መሆኑን አላጣሁትም። ግን ልጆቹ በተተነፈሰ አየር ራሳቸውን ሲያማቸው የከረሙት በእኔ እጅ ነው። ይሄን ትደብቂልኝና እኔ ነገ በእነዚህ ልጆች እናቶች ፊት እንዴት እቆማለሁ? ያንቺን ጽፈሻል፣ ደግ። የኔንም ጻፊ።»

«እባክዎ...»

«ጻፊ፣ ልጄ።»

ጻፍኩ። «ቀዳዳዎቹን ሕፃናቱ ሲተኙ ሲደፍኑ የነበሩት የጥበቃ ሠራተኛው ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። የደፈኑት ሕፃናቱን ብርድ ስላገኛቸው ነው። ጣውላውን የሠሩትም እሳቸው ናቸው።» ፎቶ አንስቼ ላክሁት። አቶ ሰለሞን እስኪደውሉ ሦስታችንም ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ቆየን፣ አዴ በቀሉም ሁለተኛ ኩባያ ወተት አስያዙኝ፤ መጠጣት ግን አቃተኝ።

ስልኩ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጌ መሐላችን አስቀመጥኩት።

«ኦቦ ቶሎሳ አሉ?» አሉ አቶ ሰለሞን።

«አለሁ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ከእናንተ የሚመጡት ሁሉ ሥራው ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዳለው ይነግሩኛል። በወረቀት ላይ ምን ልናገር?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያቺን ደቂቃ ሁለቱም እኔ ነበርኩ። አቶ ሰለሞን «ሥራዎ ላይ ይቆዩ» አሉ። «የቀሩትን ጣውላዎች ይጨርሱልን። ምስክር ወረቀቱን እሱ ካለቀ በኋላ እንደገና እንጠይቃለን።» አዴ በቀሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔም ልዘል ስል «ሮማን» አሉኝ። «እውነቱን ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። የተፍኪውን ንድፍ ግን ሌላ ሰው ይመርምረው።»

ስልኩ ተዘጋ። ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ፤ አዴ በቀሉ «ታኢ፣ ቁጭ በይ፣ ወተትሽን ጨርሺ» አሉ፤ ጨረስኩ። አለቀስኩም፤ ምን እደብቃለሁ? ቅዳሜ ስመለስ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ፤ የሐጂን ጋቢ አጥበው አድርቀው ነበር፣ በጫልቱ በኩል ላክሁት። ጫልቱ ለቡ ድረስ ሸኝታኝ ስለ ሪፖርቱ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ ግን እጄን አልለቀቀችም።

ድሬ ከገባሁ በኋላ አንድ ሳምንት ተናድጄ ከረምኩ፤ በአቶ ሰለሞንም፣ በራሴም። ሙቀቱ እንኳ አላስደሰተኝም። ከዚያ አንድ ጠዋት ቢሮ ገብቼ እግሬ ባልረገጠበት ከተማ ላይ ማኅተሜን ያሳረፍኩባቸውን ንድፎች ሁሉ ከመደርደሪያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ጠረጴዛው አልበቃ አለ። ከላይ ያለው አንድ የደጋ ጤና ጣቢያ ነው፤ ስልክ ቁጥሩን ፈልጌ ደወልኩና ሕንፃውን የሚጠብቀውን ሰው እንዲያገናኙኝ ጠየቅኩ። ሴት መጣች።

«የአየር መግቢያ ቀዳዳዎቹን ደፍናችኋል?» አልኳት።

«ማን ነገረሽ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አይዞሽ እህቴ» አልኳት። «ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም፤ ጥፋተኛዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ንገሪኝ፣ የት ጋ ነው የሚበርዳችሁ?»